ለአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ፈንድ፦ ከሜዳሊያው በፊት ላለው ዘመንም ገንዘብ መድቡ

ለብሔራዊ የሥነ ጥበብ ፈንድ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። ይሄኛውን በአማርኛ የጻፍኩት ጎረቤቶቼ እንዲያነቡትና ከተስማሙበት እነሱም እንዲጽፉላችሁ ብዬ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የካንትሪ ሙዚቀኛውን ሪኪ ስካግስን ታውቁታላችሁ። በጥር 2021 ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ይገባዋል። ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን)፣ ጊታርና ባንጆ ይጫወታል፤ ድምፁም አለ። 15 የግራሚ ሽልማት ወስዷል፣ በ2018 ደግሞ የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ገብቷል። እኔ የማወራችሁ ግን ሜዳሊያው ከመምጣቱ 60 ዓመት ቀደም ብሎ ስለሆነው ነገር ነው።

ሪኪ በ1954 ምሥራቅ ኬንታኪ ውስጥ፣ ኮርዴል በምትባል ገጠር ተወለደ። አባቱ ሆበርት በያጅ ነበር። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ማንዶሊን አመጣለት። ሦስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) አሳየውና ራቅ ወዳለ ቦታ ለሥራ ሄደ። ሲመለስ ልጁ እየዘፈነ ኮርዶቹን ሳይሳሳት ይቀያይር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የብሉግራስ (በክር መሣሪያዎች የሚጫወቱት የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ እዚያው አካባቢ፣ ማርታ ወደምትባል ትንሽ መንደር ለዝግጅት መጣ። ሕዝቡ ትንሹ ሪኪ ይጫወት እያለ ወተወተው። ሞንሮ ልጁን መድረክ ላይ አወጣው። የራሱን ማንዶሊን ከትከሻው አወለቀ፣ ማንገቻውን ለስድስት ዓመት ልጅ እንዲሆን አሳጠረ፣ ከዚያም ልጁ አንገት ላይ አጠለቀለት።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማንዶሊን ጥንድ ጥንድ የሆኑ ስምንት ክሮች አሉት። በባህላዊው የብሉግራስ ባንድ ውስጥ ከበሮ ስለሌለ ማንዶሊኑ ነው ምቱን የሚይዘው። ክሮቹን መታ አድርጎ ወዲያው በግራ እጅ ማፈን ያስፈልጋል፤ ደረቅ የሆነ አጭር ድምፅ ይወጣል። ከልክ በላይ ቢዘገይ ይንዛዛል፣ ቢፈጥን ይጠፋል። ይህን ለመልመድ አዋቂው አጠገብ ተቀምጦ እጁን ማየት ይጠይቃል።

ሞንሮም ቢሆን በዚሁ መንገድ ነው የተማረው። ወላጆቹ ሲሞቱ ፊድል ተጫዋቹ አጎቱ ፔን ቫንዲቨር አስጠግቶታል፣ ዜማም አስይዞታል። ጥቁር አሜሪካዊው ጊታርና ፊድል ተጫዋች አርኖልድ ሹልትዝም አለ። ሞንሮ በልጅነቱ ለጭፈራ አብሮት ተጫውቷል። ሹልትዝ በ1931 ሲሞት አንድም የተቀዳ ሙዚቃ አልነበረውም። ያን ሰው ዛሬ የምናውቀው አጠገቡ ሆነው በተማሩት ልጆች እጅ ነው። ሞንሮ ለአጎቱ የጻፈውን ዘፈን ደግሞ ስካግስ በ1984 በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ አደረሰው።

የስካግስ የጉርምስና ጊዜም እንደዚያው ነው። ታዋቂው የብሉግራስ ዘፋኝ ራልፍ ስታንሊ ጎማ ተንፍሶበት ወደ አንድ ዝግጅት ዘግይቶ ሲደርስ ስካግስና ጓደኛው ኪት ዊትሊ መድረኩን ይዘው የስታንሊን ዘፈኖች ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም ገና ተማሪዎች ነበሩ። ስታንሊ ግን ወስዶ ባንዱ ውስጥ አስገባቸው።

ከዚያ እኛው አካባቢ መጣ። የመንገዱ ድካምና የክፍያው ማነስ አስመርሮት ሙዚቃውን ተወና ቨርጂኒያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ቦይለር ክፍል ገብቶ ሠራ። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ካንትሪ ጀንትልመን የሚባለው የዋሽንግተን ባንድ ወደ ሙዚቃ ባይመልሰው ኖሮ ሜዳሊያውን የሚቀበል ሰው አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል። ጎንደር ያደገ መሰንቆ ተጫዋች ነው። አሁን ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ቀን ይተኛል። መሰንቆው ቁም ሳጥን ላይ ነው። መማር የሚፈልጉ ልጆች አሉ፣ እሱም ማስተማር ይወዳል። የጠፋው ሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ በዚህ አገር ገንዘብ ነው። በኬንታኪ ተራሮች ያለው የፊድል አዋቂም ችግሩ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም።

የስካግስ ቀሪ ታሪክ በየመጽሔቱ አለ። ከባንጆ ተጫዋቹ ጄ ዲ ክሮው ጋር ሠራ፣ ከዘፋኟ ኤሚሉ ሃሪስ ጋር ሠራ፣ በ1982 ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው ዝነኛ የካንትሪ መድረክ አባል ሆኖ ገባ፣ በ1985 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሙዚቀኛ አለው። እኔን ግን ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ከ1996 በኋላ ያለው ነው። ሞንሮ ያን ዓመት ሞተ። ስካግስ ሙሉ በሙሉ ወደ ብሉግራስ ተመለሰ፣ ኬንታኪ ተንደር የሚባለውን ባንዱን ይዞም ወጣቶችን አጠገቡ አቆመ። ጊታሪስቱ ብራያን ሰተንና ፊድል ተጫዋቹ አንዲ ሌፍትዊች እዚያ ባንድ ውስጥ ነው ስማቸው የወጣው።

እናንተ ይህን መንገድ አታውቁትም አልልም። ለባህላዊ ጥበበኞች የምትሰጡት የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት በ1982 ሲጀመር ሞንሮ ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ ነበር። ለተሸላሚው 25,000 ዶላር ትሰጣላችሁ። ከምትሰጡት ድጎማ 40 በመቶው ለክልልና ለስቴት ተቋማት ይሄዳል፤ አንዳንዶቹም በዚያ ገንዘብ ለማጅን ከአዋቂ ጋር ያገናኛሉ። ያ ሥራ ግን ዋስትና የለውም። በ2025 በርካታ ድጎማዎችን በድንገት ስትሰርዙ ትንንሾቹ ተቋማት ምን ላይ እንደቆሙ ሁሉም አየ። ትልቅ ሙዚየም መጠባበቂያ ይኖረዋል። አንድ ልጅ የሚያስተምር ሽማግሌ ግን የለውም።

ስለዚህ ለለማጆችና ለአስተማሪዎቻቸው ብቻ የሚውል፣ በየዓመቱ የማይነካ ገንዘብ መድቡ። አስተማሪው ለሚያጠፋው ሰዓት በወጉ ይከፈለው። ጊዜውንም ከአንድ ዓመት በላይ አድርጉት፤ በአንድ ዓመት ምቱ እጅ ውስጥ አይገባም። ማመልከቻውም ጠበቃ የማያስፈልገው ይሁን፤ በአማርኛም በስፓኒሽም ይውጣ። ታክሲ ነጂው ጓደኛዬ የእንግሊዝኛውን ቅጽ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው የተወው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። የሚቀጥለው በጀታችሁ ሲወጣም ለለማጆች የተያዘው ገንዘብ ለብቻው ተጽፎ እንዲታይ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ