ስምሽን እየተለማመድኩ ነበር

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። ዓመት ከምናምን ሙሉ ጠፍታ፣ ስልክ ሲደወልላት ሳታነሳ ከርማ፣ አሁን ደግሞ "እንደምን ከረምሽ" ትላለች ትያለሽ። ልክ ነሽ። ስትደውይ ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ስምሽ ስክሪኑ ላይ ሲበራ አየዋለሁ። እስኪጠፋ ድረስ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ከዚያ "ቆይ እደውልልሻለሁ" ብዬ እጽፍልሻለሁ። አልደውልም። ኋላ ላይ እሱንም ተውኩት።

ተቀይሜሽ አይደለም። ረስቼሽም አይደለም። ምላሴ ላይ ካንሰር ወጥቶብኝ ኦፕራሲዮን ተደርጌ ነበር።

እንዳትደነግጪ። አሁን ደህና ነኝ። የመጨረሻው ምርመራ ምንም አላሳየም። ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤ ስታነቢ መጨረሻውን ቀድመሽ እንደምታዪ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ትንሽ ቁስል ነው። በግራ በኩል፣ የምላሴ ጠርዝ ላይ። ጥርሴ እየፋቀው ነው ብዬ ተውኩት። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ ቅባት ቀባሁ። ተራ የአፍ ቁስል በሳምንት በሁለት ሳምንት ይድናል። የኔ ወር አለፈው። ብዙም አያመኝም ነበር፤ ያታለለኝም እሱ ነው። ዙሪያው ብቻ እየጠነከረ መጣ። ቀጥሎ ግራ ጆሮዬ ያመኝ ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስታይ ጆሮሽ ጤነኛ ነው ተባልኩና ተመለስኩ። የምላስ ሕመም በነርቭ በኩል ጆሮ ላይ ሊሰማ እንደሚችል ያን ጊዜ ከየት ልወቅ?

ያገኘልኝ የጥርስ ሐኪም ነው። ለሌላ ጥርስ ሄጄ ነበር። የምላሴን ጫፍ በጎዝ ያዘና ወደ ጎን ሳብ አደረገው። ዝም አለ። በጣቱ ዳሰሰው። "ይሄ ስንት ጊዜ ሆነው?" አለኝ። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል መታየት አለበት አለኝ። ቁራጭ ሥጋ ተወስዶ ለባዮፕሲ ሄደ። ውጤቱ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚል ነው፤ ከአፍ የላይኛው ሽፋን የሚነሳ ካንሰር ማለት ነው። የአፍ ካንሰር አብዛኛው ይኸው ዓይነት ነው።

የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ታጨሺ ነበር እንዴ?" ነው። ትምባሆና መጠጥ ዋናዎቹ መንስኤዎች መሆናቸው እውነት ነው። ግን ሁለቱንም ሳይነኩ የሚይዛቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ አንዷ ነኝ። ያጨሰ ሰው ቢሆንስ? አልጋ ላይ ለተኛ ሰው የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ይህ ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ኦፕራሲዮኑን ባጭሩ ልንገርሽ። ዕጢው ብቻ አይደለም የሚወጣው። በዙሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋም አብሮ ይቆረጣል፣ እንዳያመልጥ። የኔ የምላሴን ግራ ግማሽ ይዞ ሄደ። አንገቴም ተከፍቶ የሊምፍ ዕጢዎቹ ወጡ፤ ይህ ካንሰር ሲሰራጭ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። በጎደለው ቦታ ደግሞ ከግራ ክንዴ ቆዳ ወስደው ተከሉበት። ከነደም ሥሩ ነው የሚወሰደው። ያን እንደ ክር የቀጠነ የደም ሥር በማይክሮስኮፕ እያዩ ከአንገቴ የደም ሥር ጋር ሰፉት።

ከዚያ በፊት ሐኪሙ ያደረገው ነገር አይረሳኝም። ግራ እጅሽን ጨብጪ አለኝና የእጄን አንጓ ሁለት ቦታ ተጫነ። መዳፌ ወረቀት መሰለ። ከዚያ አንዱን ጣቱን ብቻ ለቀቀ። ደሙ ቀስ ብሎ ተመለሰና እጄ ቀላ። "አንዱን ብንወስድ ሌላው እጅሽን ይመግበዋል" አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ እውነት መሆኑ የገባኝ።

ስነቃ አፌ የኔ አልነበረም። ምላሴ አብጦ አፌን ሞልቶታል። አንገቴ ላይ መተንፈሻ ቱቦ ገብቷል፣ በአፍንጫዬ ደግሞ የምግብ ቱቦ። ድምፅ የለኝም። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ሰጡኝ፤ መጀመሪያ የጻፍኩት "ውሃ" የሚል ነው። አልሰጡኝም። በየሰዓቱ ነርስ እየመጣች የተተከለውን ቆዳ በባትሪ ታያለች፣ በጣቷ ትነካዋለች፣ በትንሽ መሣሪያ ደሙ ሲሄድ ታዳምጣለች። ሽው... ሽው... ሽው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ያን ድምፅ እጠብቅ ነበር። የደም ሥሩ ከተዘጋ ፈጥነው ካልከፈቱት ቆዳው ይሞታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈሩት ለዚያ ነው። የኔ አልተዘጋም፣ ተመስገን።

እብጠቱ እየቀነሰ መጣ፣ የአንገቱም ቱቦ ወጣ። ከዚያ መዋጥ መማር ጀመርኩ። ከሁሉ የሚከብደው ምን ይመስልሻል? ውሃ ነው። ወፈር ያለ ነገር ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ጊዜ ይሰጥሻል። ውሃ ግን አይጠብቅም፤ ሳትዘጋጂ ያመልጥና ወደ መተንፈሻው ይገባል። ሳንባ ውስጥ ከገባ ኢንፌክሽን ያመጣል። አገጭሽን ወደ ደረትሽ ዝቅ አድርጊ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ዋጪ፣ ከዚያ ሳል አድርጊ ይሉኛል። በሻይ ማንኪያ። አንድ ማንኪያ ውሃ በትክክል የዋጥኩ ቀን አለቀስኩ።

ጣዕም ጠፋ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። አልጠፋም። ትምህርት ቤት "ጣፋጭ በጫፉ፣ መራራ ከኋላ" ተብሎ የተሳለልን የምላስ ካርታ ትዝ ይልሻል? ስህተት ነው። ጣዕም የሚለይ የምላስ ክፍል ሁሉ ሁሉንም ጣዕም ይለያል፤ ጉሮሮና ላንቃም ይቀምሳሉ። የቀረኝ ግማሽ ይሠራል። የተተከለው ግን ቆዳ ነው፤ አይቀምስም። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ አይሰማውም ነበር። ምግብ ግራ ጉንጬ ሥር ተሸጉጦ ይቀራል፣ እኔ አላውቅም። አሁንም በልቼ ስጨርስ መስታወት አያለሁ። በመስታወት ስታዪው በቀይ ምላስ ላይ የተሰፋ ነጣ ያለ ልጥፍ ነው። ጥቂት የክንዴ ፀጉሮች እንኳ በቅለውበት ነበር፤ ኋላ ከወሰድኩት የጨረር ሕክምና በኋላ ረገፉ። መጀመሪያ እጠየፈው ነበር። አሁን ልሳሳለት ጀምሬአለሁ። በጠርዙ በኩል ትንሽ ትንሽ መሰማት ጀምሯል። ነርቭ ቢያድግ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የወራት ጉዳይ ነው።

ጨረሩ 30 ጊዜ ነበር፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት። በፊቴ ልክ የተሠራ ማስክ አድርገውልኝ ከአልጋው ጋር ይቆልፉታል። አፌ በሙሉ ቆሰለ። ምራቄ ደረቀ፣ የቀረውም እንደ ሙጫ ሆነ። ስለ እሱ ብዙ ማውራት አልፈልግም። የውሃ ጠርሙስ ከእጄ አይለይም፣ ጥርሴን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃለሁ። ከጨረር በኋላ ጥርስ ማስነቀል ለመንጋጋ አጥንት አደገኛ ስለሆነ ለማንኛውም የጥርስ ሐኪም አስቀድሜ እናገራለሁ። መንጋጋዬም ጠንክሮ አልከፈት ብሎኝ ነበር። መፍትሔው ሐኪሞች ጉሮሮ ሲያዩ ምላስ የሚጫኑባት ቀጭን እንጨት ናት። ደራርበሽ በጥርሶችሽ መካከል ታስገቢያለሽ፣ ትታገሻለሽ፣ በቀጣዩ ሳምንት አንድ ትጨምሪያለሽ። በ10 እንጨት ጀምሬ 19 ደርሻለሁ።

አሁን ወደ ዝምታዬ ልምጣ።

አፍ መፍታት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ፈታሁ። የንግግር ባለሙያዋ ፊደል አስቀመጠችልኝና አንድ በአንድ ሄድንበት። "መ"፣ "በ"፣ "ፈ" የከንፈር ስለሆኑ ምንም አልሆኑም። "ከ" እና "ገ" በምላስ ጀርባ ስለሚወጡ ቶሎ ተመለሱ። "ቀ"ም እንደዚያው። ጣጣው ከጫፉ ነው። "ተ"፣ "ደ"፣ "ነ"፣ "ለ"፣ "ሰ"። "ጠ" እና "ጸ" ደግሞ አየሩ ታፍኖ እንዲፈነዳ ምላስ ጥብቅ አድርጎ መዝጋት አለበት፤ የኔ በግራ በኩል ያፈሳል። የመጨረሻዋ "ረ" ናት። እሷ የምላስ ጫፍ እንዲርገበገብ ትፈልጋለች።

ስምሽ መሐል "ር" አለች።

ከሆስፒታል የወጣሁ ሰሞን ስልኩን አንስቼ ልደውልልሽ ነበር። መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩት። ስምሽን ጠራሁ። የወጣው ስምሽ አይደለም። እንደ ሕፃን ተኮላተፍኩ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ሃያ ዓመት የጠራሁት ስም ከአፌ እንቢ ሲል፣ አንቺ ደግሞ ያን ሰምተሽ ስታዝኚልኝ ታየኝ። አልቻልኩም። ድምፄን ካንቺ ደበቅኩት። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ግድ አልነበረኝም። ሐኪም፣ ነርስ፣ ታክሲ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይስማ። አንቺ ግን የድሮ ድምፄን ታውቂዋለሽ።

ጥፋቴ ነው። መጻፍ እችል ነበር፣ እጄን የቆረጠኝ የለም። ምን ያህል እንደከፋሽ ይገባኛል። ከሆነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ ሌላ ምክንያት ሆነብኝ። ይህን ያህል ጠፍቼ ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ጠፋሁ።

በየጠዋቱ መስታወት ፊት 15 ደቂቃ እሠራለሁ። ምላሴን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ወደ ግራ ስልከው ይዘገያል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል። ከንፈሬን ይልሳል። ከዚያ ቃላት። የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ ስምሽ ነው። ባለሙያዋ "ር"ን በትክክል ማውጣት ካቃተሽ ቀለል አድርገሽ አንዴ ብቻ ንኪያት፣ ጆሮ የቀረውን ይሞላዋል አለችኝ። እሷን ይዤ ሠራሁ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ላይ ቀድቼ ሰማሁት። ድሮ የምጠራሽ ዓይነት አይደለም። ትንሽ ወፈር ያለ፣ መሐሉ ላይ ለስለስ የሚል ነው። ግን አንቺው ነሽ። የሰማ ሰው አንቺን እየጠራሁ መሆኑ ይገባዋል።

ሌላውም ደህና ነው። ግራ ትከሻዬ ገና ከፍ አይልልኝም፤ አንገት ሲከፈት የተነካ ነርቭ ስላለ ስፖርት እየሠራሁለት ነው። በየሁለት ወሩ እታያለሁ። ይህ ነገር ከተመለሰ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው ይላሉ፤ እኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጨርሻለሁ። ከቀጠሮ በፊት ያሉት ሌሊቶች ረጅም ናቸው። አንዱን ከኔ ጋር ብታመሺ ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እደውልልሻለሁ። ዘንድሮ እውነቴን ነው። ስትመልሺ ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። አንደኛ፣ ቃል ሲይዘኝ አትጨርሺልኝ። ይቆያል እንጂ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ያልገባሽን የገባሽ አትምሰዪ፤ "ምን አልሽ?" በይኝና እደግመዋለሁ። ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ፣ እኔም ሳላለቅስ አልቀርም።

መጀመሪያ የምትሰሚው ስምሽን ነው። ዝም ብለሽ አስጨርሺኝ።

ሁሌም ያንቺው