«14ኛው ቀን» ለሁሉም ሴት አይሠራም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና በሚወጡ የጤና ጽሑፎች «እንቁላል የሚወጣው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተቆጥሮ በ14ኛው ቀን ነው» የሚለው አባባል እንደማይሻር ሕግ ሲደጋገም አያለሁ፤ በእናንተም የጤና ዓምድ ስላነበብሁት ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ። ቁጥሩ የሚቀርበው ዑደቷ፣ ማለትም ከአንድ የወር አበባ መጀመሪያ እስከሚቀጥለው መጀመሪያ ያለው ጊዜ፣ 28 ቀን የሆነች ሴት ታስባ ነው። በዐዋቂ ሴቶች ዘንድ ግን ከ21 እስከ 35 ቀን የሚሆን ዑደት ሁሉ ጤናማ ነው፤ በለጋ ወጣቶች ከዚህም ሊረዝም ይችላል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው የሆርሞኖቹ አሠራር ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ስትልክ በኦቫሪ (እንቁላል በሚያመነጨው የሴት አካል) ውስጥ እንቁላል ያቀፉ ጥቃቅን ከረጢቶች ያድጋሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ሌሎቹን ቀድሞ ይበስልና ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫል። ኢስትሮጅን መጠኑ አነስተኛ ሳለ ዕጢዋን ይገታታል፤ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ያህል ሲቆይ ግን ያው ሆርሞን ተቃራኒውን ሠርቶ ኤልኤች የተባለው ሆርሞን በአንድ ጊዜ እንዲያሻቅብ ያደርጋል፤ እኔ በሰውነታችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ሥርዐት አላውቅም። ኤልኤች ማሻቀብ ከጀመረ ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ይወጣል። ከረጢቱ ለመብሰል የሚፈጅበት ጊዜ ከሴት ሴት፣ በአንዲት ሴትም ከወር ወር ስለሚለያይ፣ እንቁላሉ በ11ኛውም በ20ኛውም ቀን ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ይበልጥ የተረጋጋ ነው። የፈነዳው ከረጢት ወደ ኮርፐስ ሉቲየም ተለውጦ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ እርግዝና ከሌለ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይከስማል፤ ፕሮጄስትሮኑ ሲወርድም የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን እየፈረሰ በወር አበባነት ይወጣል። እንቁላል የወጣበትን ጊዜ ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ ኋላ መቁጠር የሚሻለው ስለዚህ ነው፤ ሐኪሞቹ ኦጊኖ በጃፓን፣ ክናውስ በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የደረሱበትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚረጋገጠው ቀኑ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ በቀን መቁጠሪያ ብቻ እርግዝናን እከላከላለሁ የምትል ሴት የምትመካበት ነገር ደካማ ነው።

ስሕተቱ እርግዝናን ተከትሎም ይሄዳል። ፅንሱ ከማኅፀን ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው እንቁላሉ ከወጣ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ኮርፐስ ሉቲየም እንዳይከስም የሚያደርገው ኤችሲጂ የተባለው ሆርሞን በእናቲቱ ደም ውስጥ መታየት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው፤ የሽንት ምርመራ የሚፈልገው እርሱኑ ነው። እንቁላሏ በ20ኛው ቀን የወጣ ሴት በ28ኛው ቀን ብትመረመር፣ አርግዛ ሳለ «አላረገዝሽም» የሚል ውጤት ልታገኝ ትችላለች። የመውለጃ ቀንም የሚሰላው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ 280 ቀን በመደመር ነው፤ ይህ ስሌት ያንኑ 14ኛ ቀን ስለሚይዝ፣ እንቁላሏ በ21ኛው ቀን የወጣ ሴት ጤናማ ፅንሷ በአንድ ሳምንት ወደ ኋላ የቀረ ሊመስል፣ በመጨረሻም ቀኗ ሳያልፍ እንዳለፈ ሊቆጠር ይችላል። ይህን የሚያቃናው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረግ የአልትራሳውንድ ምርመራ ነው።

ስለዚህ ዓምዱ ይህን ቁጥር ዳግም ሲያነሣ፣ ዑደቷ 28 ቀን ለሆነች ሴት የተሰላ ግምት መሆኑን አብሮ እንዲገልጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ