ያቺ ፓምፕ የሌላት ቱቦ ምን ትሠራለች? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ክረምቱ እንዴት አለፈላችሁ?

እኛን የምታውቁን ጉድጓድ ስንቆፍር ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ለየት ያለ ሥራ ይዘን እርሻችሁና ግቢያችሁ ድረስ መጥተን ነበር። ከመሬት በላይ ክንድ የማትሞላ ነጭ ቱቦ፣ አናቷ በታፖ የተዘጋ። ፓምፕ የላትም፣ ውሃም አታወጣም። "ታዲያ ምን ልትሠራ ነው?" ያላችሁን ብዙ ናችሁ። በየበሩ ቆመን በችኮላ ከምንመልስ፣ አንዴ ረጋ ብለን እንጻፈው አልን። በአጭሩ፣ ቱቦዋ የመሬት ውስጥ ውሃ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ መለኪያ ናት።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አንድ ደንበኛችን ግንቦት ላይ ደወለልን። "ጉድጓዴ እየሸሸብኝ ነው። ጎረቤቴ አዲስ ያስቆፈረው ነው የወሰደብኝ" አለ። ሄደን ለካን። የጉድጓዱ ውሃ ከአፉ 4 ሜትር ወርዷል። ወንዙ ደግሞ ከዳሩ 2 ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። "ወንዙ ከፍ ያለ ነው፣ ወደ አንተ ይገባል፣ አብሽር" አልነው።

ተሳስተን ነበር። ሁለቱንም የለካነው ከየቆምንበት መሬት ነው። የጉድጓዱ አፍ ከወንዙ ዳር 3 ሜትር ያህል ከፍ እንደሚል አላሰብንም። ግንበኞች ግድግዳ በሚያስተካክሉበት የውሃ ልክ ጎማ ከፍታውን ስናመሳክር ነገሩ ተገለበጠ። የእሱ ውሃ ከወንዙ በ1 ሜትር ይበልጣል። ማለትም ከሱ መሬት ወደ ወንዙ ነው የሚፈሰው። እሱ ግን በእኛ ቃል ተማምኖ ተጨማሪ መደብ ሽንኩርት ተክሎ ነበር። ግማሹ ደረቀበት። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ከዚያ ወዲህ ነው ቱቦ ማስገባት የጀመርነው። በሁለቱ ማሳ መካከል አንዷን ተከልን። ጎረቤትየው ፓምፑን ቀኑን ሙሉ ሲያስነሳ በቱቦዋ ውስጥ ያለው ውሃ ንቅንቅ አላለም። ሰውየው ያለ ጥፋቱ ነበር የተወቀሰው። ሁለቱ አሁን ሰላም ናቸው፤ ለእኛ ከዚህ የበለጠ ክፍያ የለም።

የጉድጓዳችሁና የወንዙ ውሃ ሁለት ሊመስል ይችላል። አንድ ነው። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ተነስቶ፣ ከተማዋን አቋርጦ ወደ እኛ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲምዘገዘግ የመጣ ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይረጋል፤ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ጭቃውን ጥሎ ወደ ጨፋ ሜዳ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይቀጥላል። እናንተ የምትቆፍሩት ይህን ደለል ነው። ውሃው የሚተኛውም እዚያው ውስጥ ነው።

በጋ ላይ ለወራት ዝናብ ጠብ ሳይል ወንዙ የማይደርቀው በአብዛኛው ይህ የመሬት ውስጥ ውሃ ከዳርና ከዳር እየተንጠባጠበ ስለሚገባለት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ከዳሩ ውሃ በላይ ይሆንና ወደ መሬቱ መልሶ ይሰርጋል። አቅጣጫው ይገለባበጣል። በአንድ ቀን ልኬት ይሄን ማወቅ አይቻልም።

ቱቦዋ እንዴት እንደምትገባ ያያችሁ አላችሁ። በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ እንቆፍራለን። የሚወጣውን አፈር ላስቲክ ላይ በተራ እንደረድረዋለን። መጀመሪያ ጥቁር ዋልካ፣ እጅ ላይ የሚጣበቅ። ቀጥሎ ቡናማ ደለል። ከዚያ ድንገት መሰርሰሪያው ይቀልና አሸዋ ይመጣል፣ እርጥብ፣ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ። እዚያ ስንደርስ ሁላችንም ዝም እንላለን። ግንቦትን የመረጥነው ውሃው በጣም የሚወርድበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ያኔ ከውሃው 1 ሜትር አልፈን ከወረድን ቱቦዋ ዓመቱን ሙሉ አትደርቅም።

ቱቦዋ ባለ 2 ኢንች ፒቪሲ ናት። ታችኛው ጫፏ ቀጫጭን ስንጥቅ አለው። በዙሪያው የታጠበ አሸዋ እናፈስበታለን። ከአሸዋው በላይ ቤንቶናይት የሚባል፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር እንጨምራለን። ይሄ ከተዘለለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ዝናቡ የቱቦዋን ጎን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ እኛም የዝናብ ውሃ ለክተን የመሬት ውሃ ነው እንላለን። በመጨረሻ ውሃው እስኪጠራ ቀድተን እንደፋለን።

ስንለካ ክብደት ያለው ሜትር እናወርዳለን። ጫፉ ውሃውን ሲነካ "ጧ" ይላል። ቁጥሩን የምናነበው ቱቦዋ ከንፈር ላይ በቀይ ቀለም ከተደረገችው ምልክት ነው፤ ሁልጊዜ ከዚያችው። ወንዙም ውስጥ የተመተረ ብረት ተክለናል። የሁሉም ከፍታ በአንድ ልክ ተመሳክሯል። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ቱቦ በሦስት ማዕዘን ያስፈልጋል። "አንዷ አትበቃም ወይ?" ለምትሉን መልሱ ይሄ ነው።

አንድ በጣም የሚያሳስበን ነገር አለ። ወንዝ አጠገብ ያለ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ሳያርፍ ሲሠራ የጉድጓዱ ውሃ ከወንዙ በታች ይወርዳል። ያኔ ወንዙ ወደ ጉድጓዱ ይሳባል። ቦርከና ደግሞ የሁለት ከተማ ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ የሚቀበል ወንዝ ነው። ውሃ በመሬት ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አሸዋ ውስጥ በቀን 40 ሴንቲ ሜትር ቢሄድ፣ 40 ሜትር ለመድረስ 100 ቀን ይፈጅበታል። ጠጠር ውስጥ በጣም ይፈጥናል፣ ዋልካ ውስጥ ይጎተታል። ስለዚህ ጥር ላይ ያጠፋነው ጥፋት ሚያዝያ ላይ ሊመጣብን ይችላል። የቱቦዋ ቁጥር ግን አስቀድሞ ይነግረናል። ቁጥሩን ካየን ፓምፑን በየተራ ማሳረፍ ቀላል ነው።

ትብብራችሁን የምንለምነው በጥቂት ነገር ነው። ልኬት ባለበት ዋዜማ ማታ ፓምፑን አጥፉልን፤ ያላረፈ ጉድጓድ እውነቱን አይናገርም። ልጆች ጠጠር እንዳይጥሉባት ንገሩልን፤ ድምጿ እንደሚያስደስታቸው እናውቃለን፣ ግን ከተደፈነች አናወጣትም። በሬ ወይም ጋሪ ከገጫት ደግሞ ቀና አድርጋችሁ አትተዉአት፣ ደውሉልን። ሁለት ጣት ከፍ ወይም ዝቅ ካለች የቀደመው ቁጥር ሁሉ ይበላሻል። ታፖው ጎን ያለችው ቀዳዳም ስህተት አይደለችም፤ አየር ማስገቢያ ናት፣ አትድፈኗት።

ለቱቦዋም ለልኬቱም የምንጠይቀው ክፍያ የለም። ደብተሩ እናንተ ጋ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከነቀኑ ፊታችሁ እንጽፋለን። ክረምት፣ በጋና በልግ ዞሮ እስኪያልቅ ግን "ጉድጓድህ ይበቃሃል" ወይም "አይበቃህም" የሚል ቃል ከእኛ አትጠብቁ።

የሚቀጥለው ልኬት ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከላይኛው ማሳ ተነስተን ወደ ታች እንወርዳለን። ደብተሩን አውጥታችሁ ጠብቁን።

አክባሪዎቻችሁ
ጉድጓድ ቆፋሪዎቻችሁ፣ ኮምቦልቻ