ሳይነግሩ ስለ መሄድ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ አብሽሪ። ደሴ ብርዷን አላቆመችም።

የላክሽልኝን ልብ ወለድ ጨረስኩት፤ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቤንጃሚን ዜፋናያን «ሪፊውጂ ቦይ» (ስደተኛው ልጅ)። አጀማመሩ ነው የያዘኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ወታደሮች በር ሰብረው ይገባሉ። ገጽ ገለጥ ስታደርጊ ኤርትራ ውስጥም የዚያው ቤተሰብ በር ይሰበራል። ስድቡ፣ ዛቻው፣ ሁሉም ያው ነው፤ የተቀያየረው የአገሩ ስም ብቻ። አባት ኢትዮጵያዊ፣ እናት ኤርትራዊት፣ ልጁ ዓለም የሁለቱም። በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ እንዲህ ያለ ትዳር በእኛም ሰፈር ነበር።

አባትየው ልጁን ለሽርሽር ብሎ እንግሊዝ ይወስደዋል። ለንደንን ያሳየዋል። ጠዋት ሲነቃ አባት የለም፣ ደብዳቤ ብቻ። አንቺ በስልክ «ጨካኝ ነው» አልሽኝ። እኔ ትቶት በመሄዱ አልፈርድበትም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፍ፣ መኪና ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቢገኝ አንቺን አሳፍሬ እቀር ነበር። ምን ያስዋሸኛል! እኔን የከነከነኝ ሳይነግረው መሄዱ ነው። የ14 ዓመት ልጅ እኮ ነው፣ ይገባዋል። አባቱን አቅፎ ቢያለቅስ ይሻለው ነበር።

ያኔ ስምሽን እስከ አያትሽ፣ ሰፈራችንን፣ የአጎትሽን ስልክ በቃልሽ ሳስጠናሽ ታስታውሻለሽ? «ለምን?» ስትይኝ «ብንጠፋፋ እንድትገኚ» አልኩሽ። አለቀስሽ። ግን አጠናሽው። ከቆቦና ከወልዲያ ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱ ካረፉት መካከል፣ የእናቱን ስም ሲጠይቁት «እማ» ብቻ የሚል ሕፃን አይቼ ነበር። ቀይ መስቀል የተጠፋፋ ቤተሰብ ሲያፈላልግ የሚይዘው ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ ነው። «እማ» የምትባል ሴት ከየት ይፈልግ? በዚያ ላይ ከተማው ከተያዘ በኋላ ስልክ የለ።

ዓለም እንግሊዝ ውስጥ ያሳዳጊዎቹን ቤት ሲላመድ፣ ትምህርት ቤት ጓደኛ ሲያበጅ ደስ ብሎኝ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ከደራሲው ጋር ተጣላሁ። እናትየዋን ገደለ፣ እሺ፤ ጦርነት ነው። አባትየውን ደግሞ ለንደን ድረስ አምጥቶ መግደል ምን አመጣው? ልጁ አንድ ሰው እንኳ አይቀርለትም?

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላነብላቸው አስቤያለሁ። ፈቃድ መጠየቅ ይኖርብኝ ይሆናል፣ እናያለን።

በሚቀጥለው የምትልኪው ወላጅ የማይሞትበት ይሁን። በርበሬውን በሹፌር ልኬልሻለሁ፣ ስልክሽን አንሺ።

እናትሽ