ኳስ የሚያንቀረቅበው ሰውዬ

ውድ ልጄ፣

ከጋዜጣው ጥቅል የሚወጣው ያ የመደርደሪያችን የነሐስ ሰውዬ ነው። ለአዲሱ ቤትሽ ይሁንልሽ። ልጅ ሳለሽ «ኳሷን ለማን ሊያቀብል ነው?» እያልሽ ስታደክሚኝ «ለግድግዳው» እልሽ ነበር። መልሱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጨዋታው ቺንሎን ይባላል፤ አገሩ በርማ፣ የዛሬዋ ምያንማር ነው። ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። አንዱ መካከል ገብቶ ኳሷን በእግሩ፣ በጉልበቱ፣ በተረከዙ እያንቀረቀበ ጥበቡን ሲያሳይ የዳሮቹ ኳሷን ያመቻቹለታል። መሬት ከነካች እንደገና ይጀምራሉ። በጥንቱ ወግ ተጋጣሚም አሸናፊም የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን ቁርጭምጭሚት ስንሰባበር ላደግን ሰዎች ይህ ጉድ ነው! በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ምያንማር የደቡብ ምሥራቅ እስያ ውድድር ስታዘጋጅ ነጥብ እየሰጡ አጫውተውታል፤ እኔን ግን አልተዋጠልኝም።

አሁን ወደ መብራት አስጠጊው። ለጨዋታ እንዲመቸው ሽርጡን በእግሮቹ መካከል አሳልፎ ወገቡ ላይ ሸጉጦታል። ኳሷ ላይ ያሉት ጭረቶች የጉንጉኑ ናቸው፤ እውነተኛዋ ኳስ ራታን ከሚባል ሐረግ ትጎነጎናለች፤ ውስጧ ባዶ ስለሆነ ስትመታ ቀጭ ትላለች። ከሽርጡ እጥፋት ሥር ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ የመሰለ ምልክት ታገኛለሽ። ነሐስ ላይ አሻራ ከየት መጣ አትበዪ። ሠሪው መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ቀልጦ የተዘጋጀው ነሐስም በባዶው ቦታ ይፈስሳል። የእኛም አንጥረኞች መስቀል የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም የወሰደው ከዚሁ ሙያ ነው። አሻራው የሰሙ ነበር፤ ሰሙ ሄደ፣ አሻራው ቀረ።

ሻጩ መቶ ዓመት አልፎታል ብሎኝ ነበር፤ መቼም ሻጭ ነው። አረንጓዴ ያዘለውን ጥቁረቱን ግን እድፍ ብለሽ እንዳታስለቅቂው፤ ዕድሜው የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የሚያብለጨልጨው ግራ ጉልበቱ የእኔ ጥፋት ነው፤ በገዛሁት ሳምንት በሎሚና በአመድ ፈትጌው ነው። አንቺ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺለት።

ደግሞ ከግድግዳ አታስጠጊው። መካከል ላይ አቁሚው፤ አምስቱ ጓደኞቹ የሚዞሩበት ቦታ ይፈልጋሉ።

አባትሽ