ዮጋውን ጀምሪ፣ ኤሮቢክሱን ግን አትተዪ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ኤሮቢክሱን ትተሽ ዮጋ ልትጀምሪ መሆኑን ከነገርሽኝ ወዲህ ሐሳቤ አንቺው ጋ ነው።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረሽ ስለምትውይ ዮጋው ይጠቅምሻል። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲልሽም ትንፋሽን ዝግ አድርጎ መሳብና ማስወጣት ሰውነትን ያረጋጋል። አክስትሽ «ዮጋ ከእምነታችን ጋር አይሄድም» ያለችው ነገር ከንቱ አይደለም፤ የዮጋ መነሻው ከሕንድ ሃይማኖቶች ጋር የተሳሰረ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ማፍታታቱንና ትንፋሹን ብቻ ከሆነ እንደዚያ የሚያሠራ አሰልጣኝ ፈልጊ፤ ልብሽ ካልረጋ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አባትሽ ደም ግፊት አለበት፤ አያትሽን የወሰደብን ስትሮክ ነው። ዝግ ያለ ዮጋ የልብ ምትን ከፍ አድርጎ አያቆይም። ኤሮቢክስ ግን የእግርና የዳሌ ትልልቅ ጡንቻዎችን ያለ ዕረፍት ያሠራል፤ እነሱ ኦክስጅን ሲፈልጉ ልብ ደሙን በርትቶ ይረጫል። ለወራት ከተለማመደ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ስለሚችል፣ አርፈሽ በተቀመጥሽበት ሰዓት ምቱ ይቀንሳል፣ ድካሙም ይቀልለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያዛል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሠራሽ ማውራት ችለሽ መዝፈን ካቃተሽ መካከለኛው ላይ ነሽ።

ዝላዩ ጉልበትሽን ካመመሽ አሰልጣኙን ንገሪው፤ አንድ እግር መሬት ሳይለቅ የሚሠራ አለ። የጂሙ ክፍያ ከከበደሽም ጠዋት መስቀል አደባባይ ውጪ፤ ደረጃውን መውጣትና መውረድ ብቻውን ላብ ያስወጣል። ዮጋውን ማታ ከሥራ ስትመለሺ አድርጊው።

በዚህ ሳምንት ግፊትሽን ተለኪና የላይኛውንም የታችኛውንም ቁጥር ላኪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ