በስልክሽ ያለው ያንቺ ብቻ አይደለም

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ባለፈው ስንደዋወል ለሁሉም አካውንትሽ አንድ ፓስወርድ እንደምትጠቀሚ ሰምቼ ልመክርሽ ስጀምር፣ «አባዬ፣ እኔ ደግሞ ምን የምደብቀው አለኝ?» ብለሽ ወሬ ቀየርሽ። ያን ቀን ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከልቤ ስላልወጣ ይኸው በጽሑፍ አመጣሁት።

የምትደብቂው እንደሌለሽ አምንሻለሁ። ግን ስልክሽ ውስጥ ያለው ያንቺ ብቻ ነው እንዴ? ጓደኛሽ ጨንቋት ሌሊት የጻፈችልሽ መልእክት እዚያ ነው ያለው። የእናትሽ የሕክምና ውጤት ፎቶ፣ የወንድምሽ መታወቂያ፣ የአክስትሽ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የስንቱ ሰው ስልክ ከነሙሉ ስሙ እዚያው ነው። ሁሉም አምነውሽ የሰጡሽ አደራ ነው። ስለ ራስሽ ገበና ባትጨነቂ መብትሽ ነው፤ የእነሱን ግን ልትጠብቂላቸው ይገባል። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቢልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተጋለጠውን የካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለውን የፖለቲካ አማካሪ ኩባንያ ጉዳይ ሰምተሽ ይሆናል። ፌስቡክ ላይ አንድ የባሕርይ መጠይቅ ነበር። የሞሉት 300,000 ሰዎች ገደማ ናቸው። ፌስቡክ ራሱ በኋላ እንደገለጸው ግን መረጃቸው ለዚህ ኩባንያ ያለ አግባብ ተላልፎ ሊሆን የሚችለው ሰዎች እስከ 87 ሚሊዮን ይደርሳሉ። አፑ በጊዜው የሞላውን ሰው ብቻ ሳይሆን የጓደኞቹንም መረጃ እንዲወስድ ይፈቀድለት ነበርና። እነዚያ ሚሊዮኖች ምንም አልሞሉም፤ ጓደኛቸው «እሺ» ብሎ ስለተጫነ ተወሰደባቸው። ዛሬም አንድ አፕ ኮንታክትሽን ልይ ሲልሽ የሚጠይቅሽ የሌላ ሰው የሆነውን ነው። የፎቶ ማሳመሪያ የሰዎች ስልክ ቁጥር ምን ያደርግለታል? ከልክይው። ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ ያለሽበት ቦታና ኮንታክት ለየትኞቹ አፖች እንደተፈቀደ ሴቲንግ ገብተሽ አንድ በአንድ እዪ። ለምን እንደፈቀድሽ የማታስታውሺውን ሁሉ ዝጊ። የሚያስፈልገው ከሆነ መልሶ ይጠይቅሻል።

ወደ ፓስወርዱ ልመለስ። አንዱን ለሁሉም መጠቀም ክፉ የሚሆነው ሌባው አንቺን ፈልጎ መምጣት ስለማያስፈልገው ነው። ሊንክድኢን የተባለው የሥራ ሰዎች መገናኛ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘረፈ፤ በ2016 ከ100 ሚሊዮን በላይ ኢሜይልና ፓስወርድ የያዘ ዝርዝር ለሽያጭ ወጣ። እንዲህ ያለ ዝርዝር የገዛ ሰው ኮምፒውተሩን ያዘዋል፤ ኮምፒውተሩም እያንዳንዱን ኢሜይልና ፓስወርድ በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ሲሞክር ያድራል። በዚያው ዓመት የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት አካውንቱ ለጥቂት ጊዜ በሌሎች እጅ ገብቶ ነበር፤ ሰርጎ ገቦቹም ፓስወርዱን ያገኘነው ከሊንክድኢኑ ዝርዝር ነው ብለዋል። እሱ ላይ ከደረሰ ማንም ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኢሜይልሽን ያዢ። ሌላው አካውንትሽ ሁሉ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባል መክፈቻውን የሚልከው ወደ ኢሜይልሽ ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ለኢሜይልሽ ሌላ ቦታ ተጠቅመሽው የማታውቂውን ረጅም ፓስወርድ ስጪው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት ቃላት ብትደረድሪ ከአንድ አጭር ቃልና ከቃለ አጋኖ ይሻላል፤ ለአንቺ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለማሽን ለመገመት ይከብዳል። የቀሩትን አካውንቶች ፓስወርድ የሚፈጥርልሽና የሚያስታውስልሽ የፓስወርድ ማስቀመጫ አፕ አለ፤ ለዚያ አፕ የሚሆነውን አንዱን ብቻ በቃልሽ ያዢ። በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሪ የሚለውን የድሮ ምክር ግን ተዪው። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ተሰርቋል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ ሰዎችን በየጊዜው ቀይሩ ብሎ ማስገደድ አያስፈልግም ብሏል። ሰው ሲገደድ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር ጨምሮ ያልፋል። ኢሜይልሽ ከተሰረቁት ዝርዝሮች ውስጥ መኖሩን ለማየት ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ የደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው ሃቭ አይ ቢን ፖንድ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ኢሜይልሽን ብቻ አስገብተሽ ታያለሽ። ፓስወርድ አይጠይቅሽም።

አሁን ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ብዙ አካውንት የሚሰረቀው በረቀቀ ቴክኖሎጂ ሳይሆን በአንድ ደግ መልስ ነው። የምታውቂው ሰው በቴሌግራም ይጽፍልሻል፤ «በስህተት ወደ አንቺ ስልክ ኮድ ልኬያለሁ፣ እባክሽ ላኪልኝ»። ጸሐፊው ጓደኛሽ አይደለም፤ የጓደኛሽን አካውንት አስቀድሞ የወሰደ ሰው ነው። ኮዱም ያንቺው አካውንት መግቢያ ነው። ከላክሽለት አካውንቱን ይረከብና ባንቺ ስም ለአክስትሽ «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኪልኝ» ብሎ ይጽፋል። አክስትሽ ደግሞ ላንቺ ስትል አታቅማማም። ልጄ፣ ስልክሽ ላይ የመጣን ኮድ ለማንም አትስጪ፤ ለእኔም ቢሆን። ባንክ ነኝ ያለ፣ ከድርጅቱ ነኝ ያለ፣ አለቃሽ ነኝ ያለ ሁሉ ኮድ ከጠየቀሽ ስልኩን ዝጊውና ራስሽ በምታውቂው ቁጥር መልሰሽ ደውዪ።

ለዚህ ደግሞ ሁለተኛ ቁልፍ ጨምሪ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚል አለ፤ ዋትስአፕም ባለ ስድስት አሃዝ ፒን አለው። ኮዱ ቢሰረቅ እንኳ ያለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ አይገቡም። በሁለቱም ውስጥ የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለውን ክፈቺና የማታውቂው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካየሽ ወዲያው አስወጪው። ለኢሜይልሽ የምትጠቀሚው ማረጋገጫ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣው ባይሆን እመርጣለሁ። አጭበርባሪ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛን አታልሎ ቁጥርሽን ወደ ራሱ ሲም ካርድ ሊያዛውር ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የትዊተር ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው የጃክ ዶርሲ የገዛ ትዊተሩ በዚህ መንገድ ነው የተወሰደበት። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚያወጣ የማረጋገጫ አፕ ጫኚ። ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፣ ከሲም ካርድሽም ጋር አይሄድም።

ስለ መልእክት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ በተለምዶ የምትጻጻፊው የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው፣ ማለትም ከተጻጻፉት ሰዎች በቀር ኩባንያውም ጭምር እንዳያነበው የሚቆለፈው፣ ሚስጥራዊ ውይይት ብለሽ ለይተሽ ስትከፍቺ ብቻ ነው። የቡድን ውይይት ደግሞ ይህ የለውም። ሲግናል የተባለው የመልእክት አፕና ዋትስአፕ ያለ ምንም ማስተካከያ ይመሰጥራሉ፤ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ። ግን የዋትስአፕ ባክአፕሽ (የመልእክቶችሽ መጠባበቂያ ቅጂ) ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ማከማቻ፣ ሲወጣ ያ ጥበቃ አብሮት የሚሄደው ራስሽ ካበራሽው ነው። ጓደኛሽ የሆዷን ስትነግርሽ የት ላይ እያወራችሁ እንደሆነ አስቢላት። ስክሪንሻት አንስተሽ ለሌላ ሰው ከላክሽው ደግሞ የቱም ምስጠራ አያድናትም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ፎቶም እንዲሁ ነው። ጆን ማካፊ፣ በስሙ የሚጠራውን የጸረ ቫይረስ ኩባንያ የመሠረተው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመካከለኛው አሜሪካዊቷ አገር ከቤሊዝ ፖሊስ ተሸሽጎ ሳለ፣ አብረውት ከነበሩ ጋዜጠኞች አንዱ ያነሣው ፎቶው በመጽሔታቸው ድረ ገጽ ላይ ወጣ። በፎቶው ፋይል ውስጥ የተነሣበት ቦታ በጂፒኤስ ተመዝግቦ ስለነበር ሰውየው ጓቴማላ መሆኑ ታወቀ። በደኅንነት ሥራ ስሙን ያስጠራ ሰው የተገኘው በሌላ ሰው ስልክ ነው። ለካሜራሽ የቦታ ፈቃድ አትስጪ፤ ፎቶ በፋይል መልክ ስትልኪ መረጃው አብሮ እንደሚሄድ እወቂ፤ የሌላ ሰውን ልጅ ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ ወላጆቹን ጠይቂ።

ጥቃቅኑን ባጭሩ ልጨርስ። የስልክሽን መቆለፊያ ከአራት ቁጥር ወደ ስድስት አሳድጊው፤ 10,000 የነበረው አማራጭ 1,000,000 ይሆናል። ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ የመልእክት ይዘት እንዳያሳይ አድርጊ። ማሻሻያ ሲመጣ «በኋላ» አትበዪ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የታወቀ ቀዳዳ ነው። ስልክሽን ስትሸጪ ወይም ለሰው ስትሰጪ ከአካውንትሽ ውጪና በውስጡ ያለውን መረጃ ሙሉ በሙሉ ደምስሺ።

አሁን የሰውን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ይቻላል። አንድ ቀን ያንቺ በሚመስል ድምፅ «አባዬ፣ ድረስልኝ» ተብዬ ብጠራ ልቤ እንደማይችል አውቃለሁ። ስለዚህ በቤተሰብ ደረጃ አንድ የመለያ ቃል ይኑረን። በጽሑፍ አንላላከው፤ ስትመጪ በአካል እንስማማበታለን።

የመጨረሻው ለመጻፍ የከበደኝ ነው፤ ቢሆንም ልጻፈው። ማንም ሰው በገመና ፎቶ፣ እውነተኛም ሆነ የተቀነባበረ፣ ቢያስፈራራሽ ገንዘብ አትክፈዪ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቱን አታጥፊ፤ ስክሪንሻት አንሥተሽ ማስረጃ ያዢ፣ ከዚያ ሰውየውን አግጂው። ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባል፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች የተዘጋጀ ነፃ አገልግሎት አለ። ፎቶው ከስልክሽ ሳይወጣ የፎቶውን ዲጂታል አሻራ (ምስሉን ሳያሳይ የሚለየውን ኮድ) ብቻ ወስዶ ለተባበሩት ኩባንያዎች ያደርሳል፤ እነሱም በገጻቸው ላይ ያንን ምስል ለይተው ያግዱታል። ግን ከዚህም በፊት ለእኔ ወይም ለእናትሽ ደውዪ፤ ሌሊትም ይሁን። ለምን አነሣሽው፣ ለምን ላክሽው፣ ማን ነው ብለን አንጠይቅሽም። ስልኩን አንሥተን እንሰማሻለን፤ የቀረውን አብረን እንሠራዋለን።

የሚወድሽ አባትሽ